የብሪጅት አባት

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9፣ 1996

ዛሬ ኦፍ ነኝ፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ዳውንታውን ላይብረሪ ነበርኩ። የምንከባከባቸው አሮጊት፣ ሚስ ማርጋሬት፣ ሴት አያታቸው ብሪጅት ከአየርላንድ ወደ እንግሊዝ ከማን ጋር እንደተሻገረች ሳያውቁ መሞት አይፈልጉም። ልጃቸው ቶም ለዓመታት ፈልጎ ሲያጣ ትቶታል።

ባለፈው ሳምንት በፊልም በተነሳው የድሮ የእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ ብሪጅትን በአባቷ ስም፣ ዶላን ብዬ፣ እንደምፈልግ ሲሰማ ሳቀብኝ። "ስታገባ እኮ ሃርት ሆናለች። ያንቺ ሥራ እናቴን ማጠብና መድኃኒት መስጠት ነው" አለኝ። ስህተቱስ የኔ ነው። እኛ አገር ሴት ስላገባች የአባቷን ስም አትጥልም፤ እኔም አልጣልኩም። ግን አነጋገሩ እልህ ውስጥ ከተተኝ።

ስለዚህ ዛሬም በዚያው በስህተቴ ገፋሁበት። አገኘኋት! ሊቨርፑል፣ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ገና የምን ባል! አባቷ ማይክል ዶላን፣ የወደብ ኩሊ፣ ሁለቱም የተወለዱት አየርላንድ። ቶም ሁሌም የሚፈልገው ያገባችውን ሴትዮ ነበር፤ ልጅቷን የፈለጋት የለም።

ኮፒ አድርጌ በአውቶብስ ሊንደን፣ እቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። ሚስ ማርጋሬት "ስሙን ድገሚልኝ" አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። ቶም ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ታንክ ዩ፣ አሁን ይበቃል" አለኝ።

ማን ነው ይበቃል ያለው? እኛ ዘር የምንቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው። እኔ ገና ሦስተኛው ላይ ነኝ።