ቤት የሳተው ሠራተኛ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ አጎቷን ታግሣ ላሳደገች፤

እንደምን ሰንብተሻል? ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተሽ ስለምትውዪ አንገትሽ ቀና ማለት አቅቶታል ብላ እናትሽ ነግራኛለች፤ ተሻለሽ? ባልሽስ፣ ያ ቁጭ ባለበት የሚያንቀላፋው፣ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ድሮ ይህን የምጽፈው ለልማድ ያህል ነበር፤ ዛሬ ግን ሐኪም መስክሮልኛል።

ትናንት የኩላሊት ሐኪሙ ዘንድ ቀርቤ ነበር። የምርመራውን ውጤት ደጋግሞ አየና፣ “ኩላሊትዎ መድከሙን አቁሟል። ጠጠር የሚሠራው ነገርም በጣም ቀንሷል። ንቅለ ተከላው ይቅር፤ የእህትዎ ልጅ ኩላሊቷን ይዛ ትኑር” አለኝ። እኔም፣ “ተመስገን፤ የእሷ ኩላሊት እኔ ውስጥ ቢገባ ገና በመጀመሪያው ቀን ማስረጃ ይጠይቀኝ ነበር” አልኩት። አልሳቀም። ሰውየው ሳቅንም በማዘዣ ነው መሰለኝ የሚሰጠው።

እስከዚህ እንዴት እንደደረስን መልሼ ላውራልሽ። ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ ነገር የሚገባኝ ሳወራው ነው።

ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ጠጠር ስወልድ የኖርኩ ሰው ነኝ። “ውኃ ጠጣ” ያላለኝ የለም፤ ጠጣሁ፣ ጠጠሩም አብሮኝ ጠጣ። በመጨረሻ ኩላሊቶቼ ደከሙና ሐኪሙ የዘመድ ኩላሊት ያስፈልጋል አለ። ሌላው ዘመድ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አንቺ እጅጌሽን ሰብስበሽ ክንድሽን ለመርፌ ሰጠሽ። “እኔ ያገለገለ ዕቃ አልገዛም” ብል፣ “ጋሼ፣ አንተ ዝም በል፤ የሚጠይቅህ የለም” አልሽኝ። እናትሽ በአንድ ዓይኗ ለአንቺ፣ በአንድ ዓይኗ ለእኔ ታለቅስ ነበር።

ያኔ ነው የሥራሽም ጉድ የፈላው። የእንጨት ሥራ ቤቴ መጥተሽ የተላገ ሳንቃ ላይ ተቀመጥሽና አገጭሽን በእጅሽ ይዘሽ ተከዝሽ። ምን ሆንሽ ብልሽ፣ “ፕሮቲኔ ቤቱ አልገባ አለኝ” አልሽ። እኔ ፕሮቲን ሲባል የማውቀው እንቁላል ነው። አንቺ ግን ታግሠሽ አስረዳሽኝ፤ ሴል ማለት ብዙ ክፍል ያለው ቤት ነው፣ ፕሮቲኖቹ ሠራተኞች ናቸው፣ እያንዳንዱም የሚሠራበት ክፍል አለው። ብዙዎቹ ግን በራሳቸው አይደርሱም፤ ሌላ ፕሮቲን ይዟቸው ነው የሚገቡት። ያንቺው ሠራተኛ መያዣው ጭራው ላይ ነው። አንቺ ደግሞ የት እንደሚሄድ ለማየት አረንጓዴ መብራት አሰርሽበት። የት ላይ? እዚያው ጭራው ላይ። ይዞት የሚገባው መሪ መጥቶ ቢዳስስ መያዣ አጣና ጥሎት ሄደ፤ ያም ምስኪን መብራቱን አብርቶ ኮሪደር ለኮሪደር ሲንከራተት ከረመ።

እኔ ስስቅ ብሩሼ ላይ ያለው ኮላ ደረቀ። “በሩን እጀታው ላይ ቸንክረሽ ዘግተሽ አልከፈት አለኝ ትያለሽ” አልኩሽ። ተቆጣሽ፤ ቀጥሎ አንቺም ሳቅሽ። መብራቱን ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ አዛውረሽ ስታስሪው ሰተት ብሎ ገባ። በዚህ እጄ የለበትም፤ የእኔ ምክር የማይክሮስኮፑን መስታወት በአልኮል ወልውይው የሚል ነበር።

ያን ሰሞን ነው ያ የተንከራተተው ሠራተኛ ሌላ ሐሳብ ያጫረብሽ። ኩላሊትሽን ልትሰጪኝ ቀጠሮ እየተጠበቀ ሳለ፣ “ቆይ፣ ጠጠሩን የሚሠራው ማነው?” ብለሽ ሐኪሙን ጠየቅሽው። እሱም ሳይኮራ ሰማሽ፤ የጠጠሩን ዓይነት አየና ደሜን ለዘር ምርመራ ላከው። ውጤቱ ሲመጣ ጥፋቱ የኩላሊቴ አልነበረም። ጉበቴ ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ የሚገባበትን ትንሽ ከረጢት ትቶ ኃይል የሚመነጭበት ክፍል ውስጥ ገብቷል። የሚያጣራው ቆሻሻ ከረጢቱ ዘንድ ይከማችና ኩላሊቴ ደርሶ ጠጠር ይሆናል፤ እሱ ሌላ ቤት ሽር ጉድ ይላል።

“ሰነፍ ነው ማለት ነው?” ብዬሽ ነበር።

“አይደለም ጋሼ፤ ትጉ ነው። ቤት ስቶ ነው እንጂ” አልሽኝ።

“እንግዲያስ ከኔ ዘር ነው” አልኩ። ቁም ሳጥን ተሸክሜ፣ ፎቅ ተሳስቼ፣ ያላዘዘኝ ሰው ቤት ገጥሜ እንደመጣሁ ታውቂያለሽ።

ቀልዱ ያለቀብኝ ሐኪሙ ቀጥሎ ሲናገር ነው። ጉበቴ እንዳለ ሆኖ ያንቺ ኩላሊት ቢተከልልኝ ኖሮ፣ ያው ጠጠር እሱንም ይሞላው ነበር አለ። አንቺ ጎድለሽ፣ እኔም ሳልድን። ወደ ቤት ስንመለስ ክንድሽን ይዤ አልለቅ ስል እያመመኝ መስሎሽ ደጋግመሽ አየሽኝ። ሕመም አልነበረም።

መድኃኒቱ ደግሞ አሳፈረኝ፤ ቫይታሚን ነው። ባለ መድኃኒት ቤቷን፣ “እህቴ፣ ጠንከር ያለውን ስጪኝ” ብላት፣ “አባባ፣ የታዘዘልዎ ይኼ ነው” አለችኝ። አንቺ እንዳልሽው ለሁሉም አይሠራም፤ የእኔ ዓይነቱን ሠራተኛ ግን ቅርጹን ይዞ፣ ከመሰሉ ጋር ተጣምሮ እንዲቆም ይረዳዋል። እንደዚያ ሲሆን ብዙው መንገድ አይስትም። ሰውም እንዲሁ ነው ልልሽ ነበር፤ ፍልስፍና ሲያምረኝ ስለምትስቂ ተውኩት።

እንግዲህ ምስጋና። ውለታሽን በቃል ልከፍል ብነሳ እንደ ልማዴ ወደ ቀልድ እሸሻለሁ። ስለዚህ ቀልድ ሳልቀላቅል አንዴ ልጻፈው፦ ሕይወቴን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ። የእናትሽን ልጅ ሙሉ አካሏን ይዛ ማየቴ ደግሞ ከሕይወቴ ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ለጋሽ የምትሆን ሴት ምን ምን ማዘግየት እንዳለባት ነርሷ ስትነግርሽ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንቺ፣ “ችግር የለም፣ እናቆየዋለን” አልሽ። ባልሽ ያን ጊዜ አላንቀላፋም፤ ጫማውን ያይ ነበር። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ አሁንም አልጠይቅም። ወሬኛ አይደለሁም፣ አናጢ ነኝ። ብቻ ጥሩ ለስላሳ እንጨት መርጬ መላግ ጀምሬያለሁ። ከአልጋችሁ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ስፋቱን ለክተሽ ላኪልኝ፤ ባልሽ አይለካ፣ እንቅልፉ ይመጣል። ጠርዙን ሁሉ ክብ አደርገዋለሁ። ቀለም አልቀባውም፤ ጥርስ ሲያወጡ ያገኙትን ሁሉ ይግጣሉ።

አምላክ እጅሽን ይባርክ፣ ዓይንሽን አያድክመው፤ የቆየውን ሁሉ በጤና ያምጣልሽ።

ኩላሊትሽን በሰላም የመለሰልሽ፣
አጎትሽ