ጦሩን በማጅራቱ ያጋደመው ጭፍራ

ጥቅምት ፲፪

ጌሾውን ወቅጬ ጨረስሁ። ብቅሉ ገና ነው። እናቴ እማሆይ ከማክሰኝት ልካብኛለች፤ የወንድሜ የአያ ሙላት ተዝካር ለኅዳር ሚካኤል ይድረስ፣ ሳልሞት ላውጣለት ብላ። ጣሊያን ሲወጣ ከሚሠራበት ጋራዥ ጌታ ጋር አሥመራ እንደ ሄደ ቀረ። ከዚያም ሮማ ተሻገረ ያለ አለ። መርዶ አልመጣ፣ ወሬ አልመጣ። እናቴ ምን ታድርግ፣ ደብተሬ፤ አርጅታለች።

ባሌ ጌታሁን ምነው ፊትሽ ጠቆረ ብሎ ነገ ሲኒማ ሊወስደኝ ነው። እስቲ።

ጥቅምት ፲፫፣ ከሲኒማ መልስ

አየሁት!

ፊልሙ የጣሊያን ነው። ሮማውያን የእንግሊዝን አገር ለቀው ሊወጡ ነው፤ አንድ ጎረምሳ ቋጥኝ ላይ የተሰካ ሰይፍ ነቅሎ ይነግሣል። ጌታሁን ሳቀ። ንጉሥ ተቀብቶ ነው እንጂ በድንጋይ ይነግሣል እንዴ ይላል። እኔ የሮማን ጭፍሮች አያለሁ። ሁሉም ጦሩን ቀጥ አድርጎ ይዟል። ዳር የቆመው ጥቁር ሰው ብቻ ጦሩን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ ሁለት ክንዱን አንጠልጥሎበታል። እንደኛ አገር ሰው! እንደ አያ ሙላት! ወዲያው የንጉሡ ሰይፍ አገኘው፣ ወደቀ። ጮህሁ። ሰው ሁሉ ዞረ። ጌታሁን በነጠላዬ አፌን ያዘኝ።

ጌታን የሰቀሉትን ሰዎች ልብስ ለብሶ! ይልበስ፣ ግዴለም። ብቻ ይኑር።

ጥቅምት ፲፭

ደግሜ ሄድሁ፣ ብቻዬን። ፊቱን የራስ ቁሩ ይሸፍነዋል። አገጩን አየሁ። የአባቴ አገጭ ነው። ነው? እንጃ። ሲወድቅ አልጨፍንም እላለሁ፣ እጨፍናለሁ።

ጌታሁን አሾፈብኝ። "አንቺ ሴት፣ ዐይንሽ እያየ ሞቶ! ተዝካሩንማ አሁን ነው ማውጣት።" ኋላ አዘነልኝ መሰል፣ ፊልሙ ከእሑድ በኋላ ወደ አሥመራ ይመለሳልና እናትሽን አስመጪያት፣ እናት ትለያለች አለ። መነኩሲት ሲኒማ ቤት! ሰው ምን ይላል? እሷስ እሺ ትላለች?

ላክሁባት።

ጥቅምት ፲፰

መጣች! በጭነት ማኪና፣ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ። ነገሩን ሁሉ አጫወትኋት። መቋሚያዋን ሰጠችኝ፤ እንዴት አድርጎ ነው የያዘው፣ አሳዪኝ። አጋድሜ አሳየኋት። ትክ ብላ አየችኝ። እራት አልቀመሰችም።

እኔም አልበላልኝም። እሱ ከሆነ ምን ልሁን? አድራሻ የለው። ሮማ ደግሞ እንደ አይከል ቅርብ አገር አይደል፣ በእግር አይደረስ።

ጥቅምት ፲፱፣ እሑድ

ገባን። ጥግ አስቀመጥናት። አንዳንዱ ቆቧን እያየ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላት።

ጭፍሮቹ መጡ። ክንዷን ጨብጬ፣ "እማሆይ፣ ያውልሽ! ዳር ያለው!" አልኋት። ቆመ፣ ጦሩን አጋደመ፣ ወደቀ። ዛሬ ዐይኔን አልጨፈንሁም። ዞር ብዬ ባያት ቆቧን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ እሷ ናት ግጥም አድርጋ የጨፈነች።

ደጅ ስንወጣ ተናደድሁ። ምነው እናቴ፣ ይኸን ሁሉ መንገድ መጥተሽ?

"ባየውና ባይሆንስ?" አለች።

ቤት ደረስን። ነጠላዋን እያጣፋች፣ ተዝካሩን ተዪው፣ ለንስሐ አባቴ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ በሕይወት ላለ ሰው አይወጣም አለች።

እሺ አልኋት። አናወጣም።