ካፒቴኑ በአማርኛ ሲሸሽ

አምለሰትዬ፣

ደስታዬ ከዚህች ካርድ ስለበለጠ ሰላምታውን ወደ ታች አቆይቼዋለሁ። የባሕር ጀብዱ ልብወለዷን የተረጎምሽላትን እንግሊዛዊት ደራሲ፣ ዊኒፍሬድ ፔልሃምን፣ ዛሬ አገኘኋት! በወጣትነቷ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበረች፤ አሁን አርጅታ እዚህ ሜልበርን ልጇ ጋ ትኖራለች። ካርልተን ሰፈር ያለ ቤተ መጻሕፍት ስለ ሥራዋ ልትናገር መጣች። ካርልተን ልክ እንደ ባሕር ዳራችን ብስክሌት በብስክሌት ነው፤ ባጃጁን ብቻ በትራም፣ በመንገድ ባቡር፣ ተኪው።

እጄን አወጣሁና፣ ያለ ደራሲዋ ፈቃድ አይታተምም ተብሎ ትርጉምሽ ቤት መቀመጡን ነገርኳት።

«እስቲ በአማርኛው አንብቢልኝ» አለች።

ከላክሽልኝ ትርጉም፣ ካፒቴኑ መርከቡ ላይ ከምታባርረው ዝይ የሚሸሽበትን ከስልኬ አነበብኩላት። «እግሬ አውጪኝ ብሎ የሸራው ምሰሶ ላይ ወጣ» ስል፣ እዚህ ቤታቸው ያረፍኩት እትዬ ማንተግቦሽ በሳቅ ፈረሱ፤ ከኋላ የተቀመጡት ሐበሾችም ተከተሏቸው። ደራሲዋ ቃሉ ባይገባትም እንባዋን እየጠረገች አብራ ሳቀች።

«ይህንን የጻፍኩት ሰው እንዲስቅልኝ ነበር። አገሬ ግን አንድም ሰው አልሳቀልኝም» አለች። ወዲያው ወደ ልጇ ዞራ፣ «ፈቃዱን አሁኑኑ ጻፊላት፣ እፈርማለሁ» አለቻት።

ፈረመች፣ አምለሰት! የተፈረመውን ወረቀት ፎቶ ከካርዷ ጋር ልኬልሻለሁ፤ እንደደረሰሽ አሳታሚው ጋ ሂጂ። ቦታው አለቀብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ እህትሽን ፍቅርተማርያምንም አቅፈሽ ሳሚልኝ። ስንሰነባበት ደራሲዋ እጄን ይዛ፣ «ጓደኛሽ ራሷስ ምን እየጻፈች ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሳምሪ