የአንቺ ጆሮና የእኔ ጆሮ

ይድረስ ለማትጠገቢው እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ዳሌሽ እንዴት ሆነልሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? በየትኛው ጎንሽ ነው የምትተኚው? ያ የጥጥ ብናኝ ያተረፈልሽ ሳል በዚህ ብርድ አልተነሳብሽም? ደረጃውን ስትወርጂ እጅሽን የሚይዝሽ ሰው አለ? ይሄን ሁሉ ከአንድ ወር በፊት፣ በወደቅሽ ቀን መጠየቅ ነበረብኝ። ዛሬ እየደራረብኩ ስጠይቅሽ ፊቴን እሳት እየላሰው ነው። እኔ በእጄም በእግሬም ደህና ነኝ፤ ስለቀረው አካሌ ከታች አጫውትሻለሁ።

ስልክ ባለበት ዘመን ወረቀት መላኬ አይግረምሽ። አንቺ እንደሆንሽ «ለማልሰማው ነገር ምን ጆሮዬ ላይ አስለጠፈኝ» ብለሽ ስልኩን ከተውሽው ቆየ። ዐይንሽ ግን ተመስገን ነው፣ ዛሬም መርፌ ውስጥ ክር ታስገቢያለሽ። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ይችን ለብቻሽ አንብቢያት። ድምፅ አውጥተሽ ግን እንዳታነቢ፤ አንቺ ስታነቢ እኮ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚሰማው!

የወደቅሽ ዕለት እህቴ ደውላልኝ ነበር። «እማዬ ከደረጃው ላይ ወድቃ አልጋ ይዛለች፤ ስምሽን እየጠራች ነው» አለችኝ አሉ። እኔም «እሺ፣ ጥሩ ነው፣ ተመስገን፣ በርቱ እንግዲህ» ብዬ ዘጋሁት። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ እኔ ዝም። በመጨረሻ እህቴ ለልጄ በጽሑፍ «እናትሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላናለች፤ ርቆ የሄደ ሰው አንጀቱም አብሮ ይርቃል እንዴ?» ብላ ላከችባት። ልጄ ስታሳየኝ ነው የገባኝ። እማዬ፣ አልሰማኋትም። ከተናገረችው አንዱን ቃል እንኳ አልሰማሁም።

እነሆ ተናገርኩት። ደንቁሬያለሁ ማለት ምላሴን ይይዘኛል እንጂ ነገሩ እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ የማወራው በግምት ነበር። እህቴ ምንጊዜም የምታወራው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለ ኑሮ ውድነት ስለሆነ፣ በየመሀሉ «እሺ» እና «ተመስገን» ጣል ካደረግኩ ወሬው አይጎድልበትም። የሳቀች ሲመስለኝ እኔም እስቃለሁ። አንድ ቀን እንዲህ እንደሚያዋርደኝ ማን አሰበ?

የሚያንገበግበኝ መደንቆሬ አይደለም። አንቺስ ደንቁረሽ የለም ወይ? በአንቺ ጊዜ ግን ለጆሮ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ከወለሉ ላይ ውዳቂ ጥጥ አንስታችሁ ጠቅልላችሁ ትወትፉት ነበር፤ እሱንም አለቃው ካየ «ስራሽን በምን ልትሰሚ ነው?» ብሎ ያስወጣዋል። ለእኔ ገና በገባሁ ሰሞን ደህና የጆሮ መሸፈኛ ሰጡኝ፤ ሲያረጅም ይቀይሩልኛል። እኔ ግን እንደ ሀብል አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ኖርኩ! ተቆጣጣሪው ብቅ ሲል ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ፣ ሲሄድ አወርደዋለሁ። «ክር ሲበጠስ በጆሮዋ ያልሰማች ምኗ ሸማኔ ነው» ትይ የነበረውን ይዤ፣ መሸፈኛ የሚያደርጉትን ልጃገረዶች «እናንተ እኮ የአውሮፕላን አብራሪ እንጂ ሸማኔ አይደላችሁም» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። አንቺን ያደነቆረሽ ማጣት ነው። እኔን ያደነቆረኝ ኩራቴ ነው።

ስራው እንደ አንቺ ጊዜ እንዳይመስልሽ። ብናኙን የሚስብ ትልቅ ቱቦ ከጣሪያው ጋር ተዘርግቷል፤ እንደ አንቺ ጸጉራችን ነጭ ሆኖ ወደ ቤት አንገባም። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ይቆምና ቀይ መብራት ያበራል፣ በጆሮው የሚጠብቅ ማንም የለም። ልጄ በወዲያኛው አዳራሽ፣ አንቺ ከሦስት ጓደኞችሽ ጋር ትይዢው የነበረውን ያህል ማሽን ብቻዋን ትይዛለች። ሳል የላትም፣ ኮሽታ አያመልጣትም። ግን ስክሪን ላይ አፍጥጣ ትውልና ቤት ስትገባ ዐይኗን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ትጋደማለች፤ አንገቷም አልዞር ይላታል። ይሄ ስራ ከየትውልዱ የራሱን ድርሻ ሳይቆርጥ አይቀርም መሰለኝ። ከእኔ ግን አልወሰደም፤ እኔ ነኝ እንካ ብዬ የሰጠሁት።

አሁን ደግሞ ይበልጥ የማፍርበትን ልንገርሽ። በዕድሜ ገፋ ያልነው ሰራተኞች በየዓመቱ ጆሯችንን እንመረመራለን። መስታወት ያለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡሻል፣ ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ያደርጉልሻል፣ «ጢጥ» የሚል ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ቁልፍ ትጫኛለሽ። ድምፁን የምትልከው የጤና ክፍሏ ልጅ ከመስታወቱ ማዶ ናት። እኔ ደግሞ የማን ልጅ ነኝ? በማሽን ጩኸት መሀል ከንፈርና ጣት አይቶ ማውራትን ከአንቺ የተማርኩ አይደለሁም? ልጅቷ ድምፁን ስትልክ ቅንድቧ ብድግ ይላል፣ ራሷም አታውቀውም። ቅንድቧን እያየሁ ስጫን ስጫን፣ «እናቴ፣ ጆሮሽ የወጣት ነው» ብላ ፈረመችልኝ። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ አመስግኛት ወጣሁ። በዓመቱም ደገምኩት። ቤታችን ውስጥ ስንስቅበት የኖርነውን የአንቺን የከንፈር ወሬ ለማታለያ አዋልኩት እማዬ።

ለምን እንደዋሸሁ አይጠፋሽም። አንቺ «አልሰማም» ያልሽ ጊዜ፣ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሽርጥሽን አስፈትተው በር አሳዩሽ። ሽርጥሽን ጠቅልለሽ በብብትሽ ይዘሽ ስትገቢ ትዝ ይለኛል። እኔንም እንዲሁ ያደርጉኛል ብዬ ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለስንቱ ተርቼ፣ ለራሴ ሲሆን ጠፋኝ።

መዘዙ ደግሞ በእኔ ላይ ብቻ አልቀረም። የክር ጋሪ የሚነዳ አንድ አዛውንት አለ፣ «ጥይት» ነው የምንለው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሱን ያወጣነው ግን እኛ ነን፣ ከኤሊ ስለማይፈጥን። በወጣትነቱ የክሩን ጥቅል በትከሻው ሲሸከም ኖሮ አንዱ ትከሻው ወርዶ ቀርቷል፤ ወገቡ ያረፈው የኤሌክትሪክ ጋሪ ከመጣ ወዲህ ነው። የእህቴን መልእክት ባየሁ ሰሞን፣ ጀርባዬን ለመተላለፊያው ሰጥቼ፣ አጎንብሼ ክር ስቀጥል ከኋላዬ መጣ። ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ እኔ ግን ወይ ፍንክች! እኔን ላለመግጨት ሲጠመዝዝ ከምሰሶው ጋር ተላተመና የእጁ አንጓ ተሰበረ። ዞር ስል ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን እንደ ሕፃን አቅፎ አየሁት።

ተቆጣጣሪው ሮጦ መጥቶ «በፍጥነት ስትነዳ ነው» ብሎ የጋሪውን ቁልፍ ተቀበለው። ጥይት በፍጥነት ነዳ! ለሰሚው ግራ ነው። በዚህ ዕድሜው ጋሪው ከተወሰደበት የሚሰራው ሌላ ነገር የለውም፣ መንገዱ ወደ ቤት ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ምንም አላልኩም። በማግስቱ ከስራ ስወጣ ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠና፣ ከንፈሩን ቀስ እያደረገ፣ «ሦስቴ ነፋሁልሽ እኮ እህቴ፤ ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ። ለካ አውቆ ነው ዝም ያለው። «ግድ የለም፣ የእኔ ጀምበር ጠልቃለች፤ አንቺ ማሽንሽ ላይ ቆዪ» ብሎ ደግሞ እሱ አጽናናኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሲነጋ ሽርጤን ሳልታጠቅ በቀጥታ ጤና ክፍል ገባሁ። ልጅቷን «ጀርባዬን አዙረሽ መርምሪኝ» አልኳት። ጊዜው ገና ነው አለችኝ። «ግድ የለሽም፣ ወንበሩን ብቻ አዙሪልኝ» አልኳት። ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። ምነው አትጀምርም ብዬ ዞር ስል፣ ልጅቷ ዐይኗ እንባ ሞልቶ ቆማለች። ለካስ ጨርሳ ነበር።

እሷኑ ይዤ ተቆጣጣሪው ዘንድ ሄድኩና ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት፣ የቅንድቡን ጉድ ጭምር። የጥይት ጋሪ እጁ እስኪድን እንዲጠብቀው ተባለ። እኔንም ተቆጡኝ፣ ከማሽኑም አነሱኝ፤ ግን በር አላሳዩኝም እማዬ። ጨርቅ በሚፈተሽበት ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ሰጡኝ፤ ደመወዜም ያው ነው። ጨርቁ ከፊቴ ሲያልፍ ጉድለቱን በዐይኔ እለቅማለሁ። ጸጥ ያለ ክፍል ነው ይላሉ፤ እኔ ምኑን አውቄ! ሁለት ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ይሄ ነበር፤ ወንበርና መስኮት። ለአንቺ ማንም ያልሰጠሽን ወንበር ለእኔ አዘጋጅተው ሲጠብቁኝ፣ እኔ ተደብቄ የሰው እጅ አሰበርኩ። እስካሁን ስቀመጥበት ይኮሰኩሰኛል።

ልጄ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችብኝም። ብትጮህስ መች እሰማትና። «ከኋላ ስጠራሽ ዝም የምትይኝ ተቀይመሽኝ ይመስለኝ ነበር» ብቻ አለችኝ። አሁን ከመናገሯ በፊት ዞራ ፊቴ ትቆማለች፣ እኔ ለአንቺ አደርገው እንደነበረው።

በይ እንግዲህ ሰላምታዬን ለየሰዉ አድርሺልኝ። ከደረጃው ስር በክንዱ ላነሳሽ ለእህቴ ባል፣ ውለታው አንገቴን አስደፍቶኛል በይው። ለትልቋ የእህቴ ልጅ፣ ሌሊት ከጎንሽ ለምትተኛው፣ ጉንጯን ሳሚልኝ። ለትንሹ ጎረምሳ፣ ያን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ የሚውለውን ዘፈን ዝቅ ያድርገው፣ አክስትህ የምታውቀው ነገር አለ በይው። ለፎቅ ጎረቤታችሁ ለልብስ ሰፊዋም፣ እኔን ስታሙ ስለዋላችሁ አልቀየምም፣ ሀቅ አላችሁ በያት።

ለእህቴ ሰላምታ ብቻ አይበቃትም፤ ይቅርታዋን እለምናለሁ። አንድ ነገርም አደራ በያት። በሚመጣው እሁድ ከሰዓት፣ መስኮታችሁ ፀሐይ ሲያገኝ፣ ምስል የሚያሳየውን ስልኳን ፊትሽ ላይ ትያዝልሽ። ድምፁን ትዝጋው፣ ለሁለታችንም አይረባንም። አንቺም ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አድርጊና፣ ማሽን መሀል እንደምታወሪው ከንፈርሽን ቀስ አድርገሽ፣ «ልጄ፣ ወድቄ ነበር» በይኝ። እኔ አይሻለሁ።

ያፈረች ልጅሽ

ከፋብሪካው ማዶ፣ ከሰራተኞች መኖሪያ ሦስተኛ ፎቅ
ሰኔ 14 ቀን