ግማሽ ግራመር

ሙሉዓለም፣

ለሰኞው ፈተና የሚሆነኝን የእንግሊዝኛ ግራመር መጽሐፍ መርካቶ ምናለሽ ተራ አገኘሁት፤ ግን ግማሹን ብቻ። ሻጯ እትዬ ሠርኬ መጽሐፍም ቢሆን ገነጣጥለው ነው የሚቸረችሩት። «ያንተ ግማሽ ሕጉ ነው፤ ከሕጉ የሚያፈነግጠውን ሐምዱ የሚባል ጫማ ሻጭ ጠዋት ወስዶታል» አሉኝ። እኛ ማርቆስ በግ እንኳ ከነቀንዱ ነው የሚሸጠው!

ሐምዱን ፈልጌ አገኘሁት፤ «ድርሻዬን አልሸጥም» አለ። ስለዚህ እኔ እንግሊዝኛ ስናገር እሱ አጠገቤ ቆሞ «እዚህ ላይ አይሠራም!» ይላል። ትናንት አንድ ፈረንጅ የራጉኤልን መንገድ ጠይቆን፣ እኛ ተከራክረን ሳንጨርስ ሰውዬው ደርሶ ተመለሰ። ፈተናውም ላይ ሐምዱን ይዤ ስለምገባ ሁለት ወንበር ያዝልን።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰላም በልልኝ። ሐምዱ ግን አናቴ ላይ ቆሞ «ከአንዳንዶቹ በቀር በል እንጂ!» ይለኛል።

አስናቀው