ሦስት ጊዜ የተበጠሰው ቺንጋ

ታኅሣሥ 2፣ ጠዋት 2 ሰዓት
የማለስለሻ ማሽኑን አራግፌ፣ ኩሽኔታውን ግሪስ ቀብቼ ጨረስኩ። ውርጭ ነው። ሞላሌ ላይ ፀሐይ ሳይሞቅ ብረት መንካት ቅጣት ነው። የቤ/ክርስቲያኑ በር ተላግቶ ግድግዳ ተደግፏል። ጽድ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል። ማለስለሱ ብቻ ቀረ። ለገብርኤል መድረስ አለበት።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት
ተበጠሰ! የብርጭቆ ወረቀቱ ቺንጋ፣ የመጨረሻው አዲስ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው መሆኑ ነው። መጋጠሚያው ላይ ተላቆ እንደ ጅራፍ ጮኸ። የእንጨት ሥራ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ በላቸው፣ የስንት ዘመን አናጢ፣ ቺንጋው ርካሽ ስለሆነ ነው አሉ። ማሽኑ ይሸጥ፣ በሩም ደብረ ብርሃን ሄዶ ይለስልስ አሉ። ማንም አልተቃወመም። እኔም መጥረጊያዬን አነሣሁ። ቴክኒክ ት/ቤት ሁለት ዓመት የተማርኩት ለመጥረግ ነው እንዴ? ተናድጃለሁ ደብተሬ።

ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት
የተበጠሱትን ሦስቱንም ገልብጬ አየሁ። ከውስጥ በኩል ቀስት ታትሞባቸዋል፤ ቺንጋው በዚያ አቅጣጫ መዞር አለበት። የገጠምነውም በቀስቱ ነው። ታዲያ ለምን?

5 ሰዓት
አገኘሁት! ብናኙ ነው የነገረኝ። ድሮ ወደ መስኮቱ ነበር የሚበተነው። የመብራት ቆጣሪው በቅርቡ ከተዛወረ ወዲህ ወደ እኔ ነው፤ ሻሼ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰው ለዚህ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው! ወደ ኋላ ሲዞር የመጋጠሚያውን ጫፍ እንጨቱ እየፈለፈለ ያነሣዋል። ያኔ ሽቦውን የቀጠለው ሰው አዛብቶታል፤ እኛም ሳናይ ቺንጋውን ስንራገም ሰነበትን።

ለጋሽ በላቸው ነገርኳቸው። ሳቁ። ደግነቱ የቤ/ክርስቲያኑ መሪጌታ በሩን ሊያዩ መጥተው ነበር። ማሽኑ መሸጡ ከተቆረጠ ልጅቷ ብትሞክረው ምን ይጎድላል አሉ፣ በቀስታ። ጋሽ በላቸው ፊታቸውን አዞሩ። እሺ ማለታቸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

ታኅሣሥ 4
መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ፣ ሞተሩ ወደ ፊት እንዲዞር ከሦስቱ ሽቦዎቹ ሁለቱን አቀያየርኩ። አዲስ ቺንጋ ግን የለም፣ ከአ.አ. ካልመጣ። የተበጠሱትን መቀጠል ነው። ጫፋቸውን በሰያፍ ቆረጥኩ። አንዱን ጫፍ ጣት ያህል አሸዋውን ፋቅኩለት፣ ሌላውን ከጀርባው አሳሳሁት። ኮላ። በሁለት ጣውላ መሐል ሞርሳ ላይ አጥብቄ አሰርኩት። በዚህ ብርድ ኮላ ቶሎ አይደርቅም። ቀን ፀሐይ የጠጣ ድንጋይ ደርድሬ ጨርቅ ሸፈንኩበት።

ታኅሣሥ 6፣ 4 ሰዓት
ማብሪያውን ተጫንኩ። ሁሉም ከማሽኑ ራቁ። ብናኙ ወደ መስኮቱ! ቺንጋው ትንሽ ወደ ግራ ሸሸ፤ ማስተካከያውን ብሎን ሩብ ዙር ባዞረው ቦታውን ያዘ። ግማሽ ቀን ሠራ። የጽዱ ሙጫ ሲደፍነው በአሮጌ ሸራ ጫማ ሶል እያሸሁ አጸዳሁት። አልተበጠሰም። ሦስቱም ተጠግነዋል። እጄን አየሁት፤ የኔ እጅ።

ታኅሣሥ 15
በሩ ተሰቀለ። መሪጌታ መዳፋቸውን ከላይ እስከ ታች አስኬዱበት፣ ስንጥር ፈልገው አጡ። መልሰው ዳሰሱት። ከዚህ በላይ ምስጋና ምን አለ?

ታኅሣሥ 22
ከራቤል ከተማ ሁለት አናጢዎች መጡ። የእነሱም ማሽን ቺንጋ እየበላ ቆሟል። በሩን ለገብርኤል ንግሥ መጥተው አይተውት ኖሯል። በቀጥታ ወደ ጋሽ በላቸው ሄደው፣ ራቤል መጥተው ማሽኑን እንዲያዩላቸው ለመኗቸው። እሳቸው መላጊያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ አይደለሁም የጠገንኩት። ባለሙያዋ እሷ ናት፤ እሷን ለምኑ» አሉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው እኔን ጠየቁኝ። የጓሳን ደጋ ማቋረጥ ነው፣ ንፋሱ ይከብዳል፣ እናቴም ትቆጣለች።

ሰኞ እሄዳለሁ።