አጥፋ፣ አሥር ቁጠር፣ ክፈት

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 3፡10
አሁንም አይገባም። ስድስት ጊዜ ደወልኩ። ያቺ ስልክ ውስጥ የምትኖር ሴትዮ የደወልኩለት ሰው ሊገኝ አልቻለም ትለኛለች። አውቃለሁ እኮ! የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይ ከሆንኩ ጀምሮ ከእናቴ ይልቅ የእሷን ድምፅ ነው የምሰማው።

የጠፋብኝ ጋሽ መርጋ ነው፣ የኩርሙክ መስመር ሹፌራችን። ከሆሞሻ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ይሁን። የሚያበግነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መኪናው ሲመለስ ኮረብታው ላይ ወጥቶ፣ ታወሩ ፊት ለፊት ቆሞ እየታየ፣ የመኪናው የሥራ ስልክ ግን ሃያ ደቂቃ ደንዝዞ ይቀራል። በዚያች ሃያ ደቂቃ ስንቱ ይሆናል!

4፡00። ደወለ። ደህና ነው።

ሐምሌ 5፣ ሐሙስ። ማታ 12፡30
ዛሬ አብሬው ሄድኩ፣ የእጅ ሰዓቴን ይዤ። ገበያ ዳር ስልክ የሚጠግነው ሰውዬ ነገሩን አስረድቶኛል። ስልኩ ኔትወርክ ፈልጎ ሲያጣ ባትሪ ላለመጨረስ ያርፋል፤ ደግሞ ይፈልጋል፤ ባጣ ቁጥር ዕረፍቱን ያረዝማል። ልክ እንደኛ መ/ቤት ሠራተኛ።

ኮረብታው ላይ ስንወጣ ዝም ብለን ጠበቅን። 19 ደቂቃ። ተመልሰን ወርደን ወጣን። አሁን ግን አጥፍቼ ከፈትኩት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም! መኪናው ውስጥ እልል አልኩ፤ ጋሽ መርጋ ጆሮውን ያዘ።

በትልቁ ጽፌ መሪው አጠገብ ለጠፍኩለት፦ ኮረብታው ላይ ስትደርስ አጥፋ፣ አሥር ቁጠር፣ ክፈት። አነበበና የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብሎ ተረተብኝ። የባምባሲ ሽማግሌ ሲተርት አይጣል ነው።

ሐምሌ 9፣ ሰኞ። ከሰዓት 9፡00
ይሠራል። ሦስት ምልልስ፣ ሦስቱም ጊዜ ወዲያው አገኘሁት። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። እዚህ ቤት ጎደሎ ሁሉ ክልሉ ገና ታዳጊ ነው በሚል ይሸፈናል፤ እኔ አንዷን ቀዳዳ ደፈንኩ። ደስ ብሎኛል፣ ምን እደብቃለሁ።

ቅዳሜ ግን ስልኩ ኩርሙክ ገበያ ላይ ጠፍቶ በስንት ልመና ተገኘ። ኃላፊያችን መላ ፈልጊለት አለኝ። ሲሙ ላይ የሚስጥር ቁጥር አስገባሁበት፤ ሲከፈት ይጠይቃል፣ ሌባ አይጠቀምበትም። ቁጥሩን ለጋሽ መርጋ በጆሮው ነገርኩት። ሌላ ሰው ምን ያደርግለታል?

ሐምሌ 12፣ ሐሙስ። ከቀኑ 7፡40
ጋሽ መርጋን ወባ ጣለው። በእሱ መኪና፣ ስልኩንም ይዞ፣ ወደ ኩርሙክ መድኃኒት ሊያደርስ የሄደው ሙሳ ነው፣ የከተማው አምቡላንስ ሹፌር። የከተማው መኪና ያለ ሹፌር ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሙሳ አሁን በመመለስ ላይ መሆን አለበት።

8፡05። ከሆሞሻ ወዲያ ካለች መንደር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደወለች። ኔትወርክ ፍለጋ ድንጋይ ላይ ወጥታ ነው፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። ሐዋ የምትባል ወላድ ምጥ ላይ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇ፣ ደም እየፈሰሳት ነው። መንደሯ ከሙሳ መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ነው ያለችው። እሰይ፣ ደርሶላታል አልኩ። ደወልኩ። ያቺው የስልኳ ሴትዮ።

8፡30። ሴትዮዋ።

9፡00። ቁልቁለቱን ከወጣ ቆይቷል፣ ምን ሆኖ ነው? ተገለበጠ? ያ ረቢ። ኤክስቴንሽኗ ሦስት ጊዜ ደወለች። እየመጣ ነው አልኳት። ምን ልበላት?

9፡50። ሙሳ ግቢ ገባ። ብቻውን። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ። “ስልኩ ቁጥር ጠየቀኝ፣ ሦስቴ ሞከርኩ፣ ተዘጋ” አለ። ሳይወርድ ወደ መንደሯ መለስኩት።

ሐምሌ 13፣ ዓርብ። ከጠዋቱ 4፡00
ሐዋ በሕይወት አለች። ሆስፒታል ናት። ልጁ ሞቷል። ወንድ ነበር።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ሙሳ ወረቀቴ ያዘዘውን ነው ያደረገው። ኮረብታው ላይ አጠፋ፣ አሥር ቆጠረ፣ ከፈተ። ስልኩ የሚስጥር ቁጥሩን ጠየቀው። ለሙሳ አልነገርኩትም። ረሳሁ! ባይነካው ኖሮ በራሱ ጊዜ ይመለስ ነበር፤ ቢዘገይ ሃያ ደቂቃ። ልጠራው ስደውል ከመንደሯ ገና አልራቀም ነበር። እኔ ላፋጥን ብዬ ጭራሽ ዘጋሁት።

6፡15። ኃላፊያችን ሁለታችንንም አስጠራን። ቁጥሩን ለሹፌሮቹ ሁሉ ነግረሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ።

አዎ አልኩ! ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከአፌ ወጣ። ሙሳ ዞር ብሎ አየኝ። እንደሚያጋልጠኝ ጠበቅኩ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ “እንግዲህ ነግሮኝ ይሆናል፤ እኔ ረሳሁ” አለ። አማርኛ የተማረው ትልቅ ሆኖ ነው፣ እኔንም እንደ ወንድ ነው የሚጠራኝ። ከኔ ይልቅ ራሱን ተጠራጠረ። ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጥበታል። ከሥራ ማሰናበትም አለ ይላሉ።

ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ። ከጠዋቱ 5፡00
እህል አልወርድ አለኝ። ስልኩን ወደ ጠጋኙ ወሰድኩት። ቴሌ ከሰጠው ወረቀት ላይ ባገኘነው ረጅም ቁጥር ተከፈተ። ለካ ማጥፋትም አያስፈልግም ነበር። የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ማዘዣ አለው፤ እሱን አብርቶ ትንሽ ቆይቶ ማጥፋት ነው። ስልኩ ሳይጠፋ ኔትወርኩን ብቻ ይለቃል፣ አዲስ ፍለጋ ይጀምራል፣ የሚስጥር ቁጥርም አይጠይቅም። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከሳምንት በፊት ብጠይቀው ምን ነበረበት!

ሚስጥር ቁጥሩንም አነሳሁት። ስልኩ እንደ ድሮው ሆነ። አሁን ማንም ቢያየው ምንም አያገኝበትም። ይህን ሳስብ ቀለል አለኝ፤ ቀለል ስላለኝ ደግሞ ራሴን ተጸየፍኩ።

9፡20። ሆስፒታል በር ላይ ሙሳን አገኘሁት። በፌስታል ማንጎ ይዟል፣ ለሐዋ። ዘመዱ አይደለችም። “ሴትየው ዛሬ በላ፣ ሾርባ ጠጣ፣ አልሐምዱሊላህ” አለኝ። ከዚያ ቁጥሩን የነገርኩት የት ቆመን እንደነበር ጠየቀኝ። ከትናንት ጀምሮ ሊያስታውስ እየሞከረ ነው፣ እንቅልፍ አጥቷል። ራስ ምታት ብዬ ሸሸሁ። ውይ፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ሐምሌ 15፣ እሑድ። ከሰዓት 10፡00
ጋሽ መርጋን ልጠይቅ ሄድኩ። ተሽሎታል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ቁጥሩን በጆሮዬ ስትነግሪኝ ለሙሳስ ማለት ነበረብኝ፣ እኔም አላልኩም አለ። ከዚያ ሙሳ ስንት ልጅ እንዳለው ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። አራት።

እሱ ራሱ ለኮሚቴው ልናገርልሽ ወይ አለኝ። እምቢ አልኩ። ያንን አዎ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 16፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 2፡50
ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። ከዚያ ይልቅ የሐዋ ባል ፊት ያስፈራኛል፤ እሱም መጥቷል፣ በሩ አጠገብ ቆሟል።

ሙሳ አጠገቤ ተቀምጧል። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። አሁን ቀስ ብሎ ያ ቁጥር ስንት ነበር ብሎ ጠየቀኝ፤ ቢጠይቁት እንዲያውቀው።

ፊቱን አይቼ ነገርኩት፦ ሙሳ፣ አልነገርኩህም። አንድም ቀን አልነገርኩህም።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

በሩ ተከፈተ። የሙሳን ስም ጠሩ። እሱ ሳይነሳ እኔ ልነሳ ነው።